በጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ላይከንን መለየትና አዲስ ዝርያን መግለጽ፦ ከቅርንጫፉ እስከ ስያሜው

የዛፍ ሽበት፣ የድንጋይ ሽበት እያልን የምናልፈው ነገር በሳይንሱ ላይከን ይባላል። ፈንገስ ከአልጌ ወይም ከሳያኖባክቴሪያ ጋር ተዳብሎ እንደ አንድ አካል የሚኖርበት ፍጡር ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ፈንገሱ ደግሞ መጠለያውን ይሠራል። የዝርያው ስም ግን የፈንገሱ ብቻ ነው። አልጌው የራሱ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ ከዚህ በታች “ዝርያ” ባልኩ ቁጥር የማወራው ስለ ፈንገሱ ነው።

መመሪያው በሞቃታማው የምድር ክፍል፣ ከውቅያኖስ ወለል በእሳተ ገሞራ ተነሥተው ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዘው ለማያውቁ ደሴቶች ነው። ምሳሌ ያደረግሁት ከኢኳዶር ጠረፍ በስተምዕራብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙትን የጋላፓጎስ ደሴቶች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴት ላይ የሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተና “ይሄ አዲስ ነው” ለማለት መቸኮል ነው። ደሴቱ ሩቅ ስለሆነ ያለበት ሁሉ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስላል። የላይከን ስፖር ግን በማይክሮሜትር የሚለካ ብናኝ ነው፤ ነፋስ ባሕር ያሻግረዋል። ዛሬ በጋላፓጎስ ያገኙት ላይከን ከመቶ ዓመት በፊት ከፔሩ ወይም ከሜክሲኮ ጠረፍ ተለቅሞ ስም ወጥቶለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው “ይሄማ የታወቀው ነው” ብሎ መዝጋትም ያሳስታል። ኮራ የሚባለው ቅጠል መሰል ላይከን ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር ቆይቶ፣ በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት ከመቶ በላይ ዝርያዎችን ለይቶ አጠቃላይ ቁጥራቸው ከ400 ሊበልጥ እንደሚችል ገመተ። ከዚህ ጋር የሚዛመደው አካንቶላይከን ደግሞ በ2016 ከአንድ ዝርያ ወደ ስድስት ከፍ ሲል፣ ከአዲሶቹ አንዱ አካንቶላይከን ጋላፓጎኤንሲስ ተባለ። ሁለቱንም ስሕተት የሚከለክለው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፤ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ከመሄድዎ በፊት

መጀመሪያ ፈቃድ። ከጋላፓጎስ የብስ ምድር 97 በመቶው በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ያለ ፓርኩ ዳይሬክቶሬት ፈቃድ ጣት የምታህል ቁራጭ እንኳ መንቀል አይቻልም። ናሙና ከአገር ለማስወጣት፣ ዘረመሉን ለማጥናት፣ ትርፍ ናሙና ለሌላ ተቋም ለመላክ ደግሞ በኢኳዶር ሕግ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2010 ጸድቆ በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮልም ይህንኑ ይመለከታል። ማመልከቻው ላይ የዘረመል ሥራውን አብረው ይጻፉ። “ለጊዜው መልኩን ብቻ ነው የማየው” ብሎ ጀምሮ ኋላ ላይ ማስጨመር ጣጣው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ናሙናዎች ቤት። ሳንታ ክሩዝ ደሴት፣ ፖርቶ አዮራ ከተማ ባለው የቻርልስ ዳርዊን የምርምር ጣቢያ ውስጥ በዓለም አቀፍ አጠራሩ “ሲዲኤስ” የሚባል ሄርባሪየም አለ። የላይከን ሊቁ ፍራንክ ቡንጋርዝና ባልደረቦቹ የደሴቶቹን ላይከን ዝርዝር ሲያጠናቅሩ የሰበሰቧቸው ናሙናዎች እዚያ ይገኛሉ። ወደ መስክ ከመውጣትዎ በፊት ጊዜ ወስደው እነዚህን ይዩ። የታወቀውን ዓይኑ ያለመደ ሰው ያልታወቀውን ሊያውቅ አይችልም።

ዕቃው ቀላል ነው፦ 10 እና 20 ጊዜ የሚያጎላ የኪስ አጉሊ መነጽር፣ መዶሻና መሮ፣ ስለታም ሰንጢ፣ ብዙ የወረቀት ከረጢት፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ጂፒኤስ፣ ውኃ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ። ፌስታል ይተዉ። እርጥብ ላይከን ፌስታል ውስጥ ሲያድር ይሻግታል። ቀለም እስክሪብቶም ዝናብ ሲነካው ስለሚፈስ እርሳስ ይሻላል።

ለመለማመድ ጋላፓጎስ መድረስ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያሉ ከሆነ የሐበሻ ጽድ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ቢጫማ አረንጓዴ ጺም ኡስኒያ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን የጠብታና የምላጭ ሥራ በሱ መጀመር ይቻላል። ከተከለለ ደን ሲሆን ግን እዚህም ፈቃድ አለ።

መስክ ላይ

ከባሕር ዳር ይጀምሩና ወደ ላይ ይውጡ። የሳንታ ክሩዝ ከፍተኛ ቦታ 864 ሜትር ነው። በዚያች አጭር ዳገት ውስጥ ቁልቋልና ፓሎ ሳንቶ ያለበት ደረቅ ቆላ፣ የስካሌዢያ ደን፣ ከዚያም ሚኮኒያ የሚባለው ቁጥቋጦ ተከታትለው ይመጣሉ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ጋሩዋ የሚሉት ጉምና ካፊያ ዳገቱን ይሸፍናል። ታች ያለው ቆላ ዝናብ ባያገኝም ቅርንጫፎቹ በላይከን የሚሸፈኑት በዚህ እርጥበት ነው። ነፋስ የሚመታው የደሴቱ ጎንና የተከለለው ጎን የተለያየ ላይከን ስለሚይዙ ሁለቱንም ይጎብኙ።

ፓሎ ሳንቶ የዕጣንና የከርቤ ዛፎች ቤተሰብ ነው፤ ቅርፊቱ ሲቆረጥ ሽታው ይናገራል። ማንዛኒዮ ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ዛፍ ሲሆን ነጭ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ አደገኛ ነው። ግንዱ ላይ ያማረ ላይከን ቢያዩም ሰንጢ አያሳርፉበት። ዝናብ ሲዘንብ ሥሩ መጠለልም አይገባም።

አንድ ናሙና ሲወስዱ መጀመሪያ ባለበት ፎቶ ያንሡት፤ በደረቁ አንድ፣ ውኃ ረጭተው አንድ። ላይከን ውኃ ሲያገኝ መልኩ ይለወጣል፤ አመድማ የነበረው አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በደብተሩ ላይ ይጻፉ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ደሴት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታ፣ የተቀመጠበት ነገር (የምን ዛፍ? ግንድ ወይስ ቀጭን ቅርንጫፍ? ላቫ ወይስ አፈር?)፣ ፀሐይና ነፋስ በየት በኩል እንደሚመታው፣ አብረውት ያሉት። “ዛፍ ላይ” ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። የዛፉን ስም የማያውቁ ከሆነ ቅጠሉን አብረው ይያዙ።

ጺምና ቅጠል መሰሉ በሰንጢ ከሥሩ ይነሣል። መያዣ ሥሩ አብሮ ካልመጣ መግለጫው ጎዶሎ ይሆናል። ቅርፊት መሰሉ ከላቫው ጋር ስለሚጣበቅ ድንጋዩን ራሱን በመሮ መፈልቀቅ ግድ ነው። መሮውን ከላይከኑ ጠርዝ ራቅ አድርገው አጋድመው ይያዙ፤ ቀጥ አድርገው ከመቱት ናሙናው ይበታተናል። ጠርዙም ይምጣ፤ በጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ወይም ነጭ መሥመር መለያ ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ፎቶ አንሥተው ይተዉት። በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድግ ነገር ነው።

ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ጫማና ቦርሳ ይቦረሽ። ዘርና ነፍሳት ከሰው ጋር ስለሚሻገሩ የደሴቶቹ የባዮ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ይፈትሻሉ፤ ትክክልም ናቸው።

ማድረቅና ማሸግ

በዚያው ቀን ከረጢቱን ከፍተው በጥላ ያድርቁ። ፀሐይ ወይም ምድጃ ላይ አይሁን። ከደረቀ በኋላ ነፍሳቱ እንዲሞቱ ፍሪዘር ውስጥ በ−20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለብዙ ቀናት ይቆይ። ከዚያ ሱቅ ቅመም እንደሚጠቀለልበት ወረቀት የታጠፈ ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ሙጫ አያስፈልገውም። መለያ ወረቀቱ ፖስታው ፊት ላይ ይሁን፤ ሳይንሳዊው ስም በላቲን ፊደል ይጻፍ።

ሮቼላ ወይስ ራማሊና?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ደረቁ ቆላ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዙት ሁለቱ እነዚህ ናቸው። በአንድ የፓሎ ሳንቶ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱም ጥብጣብ ወይም ክር መሰል ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ መያዣ ሥር ይነሣሉ። ከሩቅ ለሚያይ አንድ ናቸው።

ቀለማቸውን በደረቁ ይዩ። ሮቼላ ወደ አመድማ ወይም ወደ ቡናማ አመድማ ያደላል። ራማሊና ኡስኒክ አሲድ ስላለው ብዙ ጊዜ ቢጫማ አረንጓዴ ነው። ቀለም ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም፤ ፀሐይ ያገረጣዋል።

ስለዚህ ጥፍርዎን ወይም የሰንጢውን ጫፍ አምጥተው የውጭ ቆዳውን በስሱ ይፋቁ። ከሥሩ ያለው የአልጌ ንብርብር ብቅ ይላል። ራማሊና ላይ የሚታየው ጥርት ያለ ሣር አረንጓዴ ነው፤ አልጌው ትሬቡክሲያ ነውና። ሮቼላ ላይ ግን ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ቢጫ የሚወስድ ቀለም ይወጣል፤ የሱ አልጌ ትሬንቴፖሊያ ሲሆን ሴሎቹ ውስጥ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም አለ። ይህን ፍቆ የማየት ሥራ እዚያው መስክ ላይ ያድርጉት። ናሙናው ሄርባሪየም ውስጥ ሲቆይ ብርቱካናማው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ያኔ ፍቆ ማየቱ ያሳስታል።

ሦስተኛው ማረጋገጫ በረኪና ነው። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቆዳው ላይ ያሳርፉና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። አብዛኞቹ ሮቼላዎች ወዲያው ይቀላሉ፤ ቀዩም በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጠብታዋን አሳርፎ መነጽር መፈለግ አይሆንም፤ መነጽሩ አስቀድሞ ዓይን ላይ ይሁን። ራማሊና አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ይህ ቅላት ታሪክ አለው። ቀለሙን የሚሰጡት ሌካኖሪክ አሲድና ኤሪትሪን የሚባሉ ውህዶች ሲሆኑ፣ ሮቼላ በአሞኒያ (በጥንቱ ዘመን በሽንት) ሲዘፈዘፍ ኦርቺላ የሚባል ወይን ጠጅ የጨርቅ ማቅለሚያ ይወጣዋል። በትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ የለየንበት የሊትመስ ቀለምም የተገኘው ከዚሁ ዘር ነው። ሆሴ ቪላሚል በ1832 ጋላፓጎስ ወደ ኢኳዶር እንድትጠቃለል ሲገፋና በፍሎሬያና ደሴት ሰፈራ ሲመሠርት ካሰባቸው የገቢ ምንጮች አንዱ ኦርቺላ መልቀም ነበር።

እስካሁን የደረስንበት ጂነሱ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ቡድኑ) ጋ ነው። ከሮቼላዎቹ የትኛው እንደሆነ ለመናገር የሚቀጥሉት ክፍሎች ያስፈልጋሉ።

የኬሚካል ጠብታዎች

ይህን ዘዴ የጀመረው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው፣ በ1866። ዛሬም በዚያው ፊደል ይጻፋል፤ እኔ በአማርኛ ኬ፣ ሲ፣ ፒ እላቸዋለሁ።

ኬ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውኃ ነው። ሲ በረኪና ነው፤ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ይሁን። ኬሲ ማለት መጀመሪያ ኬ፣ በላዩ ሲ ነው። ፒ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን ሲሆን በጃፓናዊው ያሱሂኮ አሳሂና በኩል የመጣ ነው። ጥቂት ቅንጣት በአልኮል ጠብታ ይሟሟና በዚያው ቀን ያልቃል። ፒ መርዛማ ነው፤ የነካውን ሁሉ ያቆሽሻል። ጓንት፣ አየር የሚገባበት ክፍል፣ ከምግብ የራቀ ጠረጴዛ ግድ ነው። በረኪናም ከአሲድ ጋር አይገናኝ፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ናሙናውን በሙሉ አያንጠባጥቡበት። ሩዝ የምታህል ቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ቆዳውን ለብቻ፣ ፍቀው ውስጡን (ነጩን ሜዱላ) ለብቻ ይፈትኑ። ውጤቱ ይለያያል። መዝገቡ ላይም “ኬ+” ብሎ መተው አይበቃም፤ “ቆዳ ኬ+ ቢጫ፣ ሜዱላ ኬ+ ቢጫ ከዚያ ቀይ” እየተባለ ይጻፋል።

በተለይ ያ ቢጫ ወደ ቀይ የሚለወጠው ነገር ደስ የሚል ነው። ኖርስቲክቲክ አሲድ ካለ ቁራጩን ስላይድ ላይ አድርገው ኬ ቢጨምሩና በማይክሮስኮፕ ቢያዩት፣ ከቢጫው ፈሳሽ ውስጥ ቀያይ መርፌ መሰል ክሪስታሎች በዓይንዎ ፊት ሲበቅሉ ያያሉ። ይህ በወረቀት ላይ ካለ ጠብታ ይልቅ አስተማማኝ ነው። የባሕር ዳር ላቫ ላይ ያሉት ብርቱካናማ ቅርፊቶች ደግሞ በኬ ወዲያው ወይን ጠጅ ይሆናሉ፤ አንትራኩዊኖን የሚባሉት ቀለሞች ምልክት ነው።

በረኪና በሞቃት አገር ቶሎ ይደክማል። በየጠዋቱ በሚታወቅ ሮቼላ ቁራጭ ይፈትኑት፤ ካላቀላ ይደፋና አዲስ ይገዛ። በደከመ በረኪና የተጻፈ “ሲ−” ለሚቀጥለው ሰው ወጥመድ ነው።

በመጨረሻ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይያዙና በጨለማ ክፍል ያብሩበት። ሊኬክሳንቶን ያለው ላይከን ቢጫ ሆኖ ያበራል። በሞቃታማ አገሮች የኮኮናት ግንድ ላይ የተለመደው ፒክሲኔ ኮኮኤስ በዚህ ይታወቃል።

ምላጭና ማይክሮስኮፕ

ቅርፊት መሰል ላይከንን በአጉሊ መነጽር ብቻ መለየት አይቻልም፤ የፍሬ አካሉን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ፍሬው ክፍት ሳህን ከመሰለ አፖቴሲየም፣ አፉ ጠባብ ጋን ከመሰለ ፔሪቴሲየም ነው። ፍሬውን በውኃ ጠብታ ያርሱት፣ አዲስ ምላጭ ይያዙ፣ መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ከተሰነጠቀው ፊት ስስ ስስ ቁራጭ ይላጩ። ብርሃን የማያሳልፍ ቁራጭ ወፍራም ነው፤ ይጣል። በርካታ ተልጦ አንድ ጥሩ ይወጣል፣ ይህ የሥራው ጠባይ ነው።

መጀመሪያ በውኃ ብቻ ይመልከቱ። የስፖሮቹን ቀለም፣ በአንድ ከረጢት ውስጥ ያሉበትን ቁጥር (ብዙ ጊዜ 8)፣ በስንት ግድግዳ እንደተከፈሉ ይመዝግቡ። ላቫ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ያለበት ነጭ ወይም አመድማ ቅርፊት አግኝተው ስፖሩ ቡናማና ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ቡዌሊያ ወይም ዘመዱ ነው። ብርቱካናማው ቅርፊት ሆኖ ስፖሩ ቀለም አልባ፣ ሁለት ጫፉ ላይ ክፍል ኖሮት መሐሉ በቀጭን ቦይ የተገናኘ ከሆነ ከካሎፕላካ ቤተሰብ ነው።

ከከረጢቱ የወጡትን የበሰሉ ስፖሮች ብቻ ይለኩ፤ ከአንድ ሳይሆን ከተለያዩ ፍሬዎች፣ ቢያንስ 20 ወይም 30። ልኬቱ በውኃ ይሁን፤ ኬ ስፖርን ሊያሳብጥ ይችላል። አጻጻፉ ለምሳሌ “(10–)11.5–14(–16) × 5–7 ማይክሮሜትር” ዓይነት ነው፤ ቅንፍ ውስጥ ያሉት አልፎ አልፎ የታዩት ናቸው። ከዚያ በኋላ ኬ፣ በመጨረሻም አዮዲን ይጨመራል። አዮዲን የስፖር ከረጢቱን ጫፍ ሰማያዊ የሚያደርግበት ቅርጽ ቤተሰቡን ይለያል።

ፍሬ የሌለው ላይከንም አለ። በዱቄት (ሶሬዲያ) ወይም በትንንሽ ቡቃያ (ኢሲዲያ) የሚባዛ ነው። ዱቄቱ ከጠርዝ ይነሣ ከመሐል፣ በክብ ቦታ ይሁን በተበታተነ ሁኔታ፣ በደንብ ይመዝገብ። ፍሬም ዱቄትም ኬሚካልም የሌለው ቅርፊት ካጋጠመ ፖስታው ውስጥ ሌላ ጊዜ ይጠብቅ።

ላቦራቶሪ የሚጠይቀው

ጠብታ የውህዱን ዓይነት ይጠቁማል እንጂ ስሙን አይናገርም። ስሙን የሚያወጣው ስስ ንብርብር ክሮማቶግራፊ የሚባለው ውህዶችን የመለያ ዘዴ ነው። ላይከኑ የተዘፈዘፈበት አሴቶን ሲሊካ በተቀባ ሳህን ላይ ይነጠብና በፈሳሽ ይሮጣል፤ ከዚያ 10 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ተቀብቶ ሲሞቅ ነጠብጣቦቹ ቀለም ያወጣሉ። ማነጻጸሪያ እንዲሆን አትራኖሪንና ኖርስቲክቲክ አሲድ ያለው የታወቀ ላይከን በዚያው ሳህን ላይ ይሩጥ። እሱ ከሌለ ሳህኑ ምንም አያስረዳም።

ለዘረመል ጥናት የተለመደው አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ነው። በላይከን ውስጥ ሌሎች ፈንገሶችም ተደብቀው ስለሚኖሩ ንጹሕና ጤነኛ ጫፍ ይመረጥ፤ ውጤቱ ሲመጣም ቤተሰቡ ከመልኩ ጋር መግባባቱ ይታይ። አንድ ናሙና አይበቃም፤ ከተለያዩ ደሴቶች ሁለት ሦስት ቢሆን ልዩነቱ የግለሰብ ይሁን የዝርያ ይለያል።

ስሙን መፈለግ

አሁን መለያ ቁልፎችን (መለያዎችን እያነጻጸሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ስም የሚመሩ ዝርዝሮችን) ይክፈቱ። የጋላፓጎሱን ብቻ ሳይሆን የኢኳዶርን፣ የፔሩን፣ የመካከለኛው አሜሪካንና የካሪቢያንን ይመልከቱ። የባሕር ዳር ሮቼላ ከሆነ የሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮን ደረቅ ጠረፍ፣ የደጋ ጺም ከሆነ አንዲስን። ቁልፉ አንድ ስም ላይ ካደረሰዎት መግለጫውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው ያወዳድሩ። አንድ ነጥብ ካልገጠመ አይለፉት፤ ሁለተኛ ናሙና ያውጡ።

የመጨረሻው ዳኛ የስያሜ ናሙናው (ታይፑ) ነው፤ ስሙ መጀመሪያ የወጣለት ያ ደረቅ ቁራጭ። ብዙዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ባሉ ሄርባሪየሞች ናቸው። ፎቷቸው ኢንተርኔት ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ቅርፊት መሰል ከሆነ ግን ፎቶ አይበቃም፣ በውሰት እንዲላክ መጠየቅ ነው። ብዙ “አዲስ ዝርያ” የሚሞተው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ታትሞ ከሚሞት ይሻላል።

መግለጫውን መጻፍ

በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተያያዥ ባልሆኑ መለያዎች (ለምሳሌ በስፖርና በኬሚካል፣ ወይም በመልክና በዘረመል) ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ ከሆነ ይጻፉ። ኬሚካሉ ብቻ የተለየበትን ነገር ዝርያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ በእኔ እምነት ሌላ ምስክር እስኪገኝ ማስታወሻ ሆኖ መቆየት አለበት።

ቅደም ተከተሉ የተለመደ ነው፦ የአካሉ ዓይነትና ስፋት፣ ቀለሙ በደረቁና በእርጥቡ፣ የላይ ገጽ፣ የታች ገጽ ወይም መያዣ ሥር፣ የውስጥ ንብርብሮች ውፍረት፣ አልጌው፣ ዱቄት ወይም ቡቃያ፣ ፍሬ፣ ስፖር፣ ኬሚካል፣ መኖሪያ፣ ሥርጭት። “ትልቅ”፣ “ደማቅ” የሚሉ ቃላት ይውጡና በቁጥር ይተኩ። ሥርጭት ላይ “እስካሁን ከጋላፓጎስ ብቻ ይታወቃል” ማለት “የጋላፓጎስ ብቻ ነው” ከማለት የታማኝነት ልዩነት አለው።

ከመግለጫው በፊት ልዩነቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ አጭር መለያ ይቀመጣል፦ “ይህ ዝርያ ከእገሌ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው ግን በዚህና በዚህ ነው።” ከ2012 ጀምሮ መለያው ወይም መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ መሆን ይችላል። በአማርኛ ብቻ የታተመ ስም በዓለም አቀፉ የስያሜ ደንብ አይጸናም፤ የአማርኛው ቅጂ ተጨማሪ ሆኖ ቢወጣ ግን የሚከለክል የለም።

ስያሜና ምዝገባ

ስሙን በራስዎ አይሰይሙ፤ ነውር ነው። ቦታን (ጋላፓጎኤንሲስ፣ ሳንታክሩዜንሲስ)፣ መልክን ወይም በመስኩ የደከመን ሰው መጠቀም ይቻላል። በዚያ ጂነስ ውስጥ ቃሉ ቀድሞ ያልተያዘ መሆኑን በኢንዴክስ ፈንጎረም ወይም በማይኮባንክ (የፈንገስ ስሞች መዝገቦች ናቸው) ይፈትሹ። ከ2013 ጀምሮ የፈንገስ ስም፣ ላይከንንም ጨምሮ፣ ከታወቁት መዝገቦች በአንዱ ተመዝግቦ ቁጥሩ በጽሑፉ ላይ ካልታተመ አይጸናም። ቁጥሩ የሚጠየቀው ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ ከመታተሙ በፊት ነው።

ሆሎታይፕ፣ ማለትም ለአዲሱ ስም ታይፕ እንዲሆን የሚመረጠው፣ አንድ ናሙና ነው፣ በአንድ ሄርባሪየም። “ሆሎታይፕ” የሚለው ቃልና የሄርባሪየሙ ስም በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለባቸው። ፍሬም ጠርዝም ያለው ምርጡ ቁራጭ ይመረጥ። የኢኳዶር ንብረት ስለሆነ ሆሎታይፑ ሲዲኤስ ቢቀመጥ ተገቢ ነው። ከዚያው ስብስብ የተከፈለ ትርፍ ካለ አይሶታይፕ ተብሎ፣ ፈቃዱ በሚለው መሠረት፣ የቡድኑ ሊቅ ወዳለበት ሌላ ሄርባሪየም ይላካል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የሚቀሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። የፖስታው መለያ ላይ ስሙ፣ የታተመበት ዓመትና “ሆሎታይፕ” የሚለው ቃል ይጨመር። ጄንባንክ የሚባለው የዘረመል መረጃ ማኅደር ውስጥ ያስገቡት ቅጂም ምናልባት አሁንም “ሮቼላ፣ ያልታወቀ ዝርያ” ተብሎ ተቀምጧልና በአዲሱ ስምና በናሙናው ቁጥር እንዲታረም ይጻፉላቸው።